የዘፋኙን ስም ንገሩን

ሾላ ገበያ ገብቶ ሬዲዮ ሳይሰማ የወጣ ሰው ካለ ይምጣ፤ የዛሬውን ቡና ሒሳብ እኔ እዘጋለሁ። ቅቤ ተራው የራሱ ሬዲዮ አለው፤ ቅመም ተራውም የራሱ። ልብስ ሰፊው እግሩን ለመኪናው፣ ጆሮውን ለጋዜጠኛው ሰጥቶ ይውላል። ገሚሱ በሞባይሉ ይከፍታል፤ ገሚሱ ፍላሽም ሜሞሪም በምትጎርሰው ትንሿ የቻይና ሬዲዮ። የብዙዎቹ አንቴና ከተሰበረ ቆይቷል፤ በምትኩ የታሰረው ሽቦ ግን፣ ማንም ይሰረው ማን፣ ጥሩ አድርጎ ይስባል። ሰፈሩን ለማታውቁት፣ ከአራት ኪሎ ተነስቶ በቀበና፣ በእንግሊዝ ኤምባሲ አድርጎ ወደ መገናኛ የሚነጉደው ታክሲ «ሾላ ወራጅ አለ!» የሚባልበት ቦታ ነው። ታክሲው ውስጥም ያው ሬዲዮ ተከፍቷል።

በበዓል ሰሞን እዚያው ቅቤ ልገዛ ቆሜያለሁ። ነጋዴዋ የሸኖ ለጋ ነው ብላ ቅጠሉን ገለጥ አደረገችና በጣቷ ቆንጥራ እጄ ላይ አኖረችልኝ። «አሽትተው ወንድሜ፤ ኋላ እንዳትወቅሰኝ።» እኔ ሳሸት፣ ከራሷ በላይ ምስማር ላይ ከተንጠለጠለችው ሬዲዮ የሱዳን ዘፈን ገባ። ሴትዮዋ ዓረብኛ አታውቅም። ትከሻዋ ግን የሚያውቅ ይመስላል፤ ሚዛኑን እያስተካከለች ዜማውን በጉሮሮዋ ተቀበለችው።

ይሄኔ ከጎኗ ኮረሪማ የሚሸጡት አዛውንት «ይሄ ዋርዲ ነው» አሉ። በርበሬ ሊያስፈጭ ጆንያ የተሸከመ ጎልማሳ ቆም ብሎ «የለም አባባ፣ ሰይድ ከሊፋ ነው፤ እኔ መተማ ሰሊጥ ስሠራ ከዚህ ሌላ አልሰማሁም» አላቸው። አዛውንቱ ሊለቁ አልፈለጉም፤ ሰውዬውም ጆንያውን አወረደ። ሴትዮዋ ዳኛ ሆነች፦ «ቆዩ፣ አሁን ጋዜጠኛው ይናገራል።» ጠበቅን። ዘፈኑ ገና ሳያልቅ የሳሙና ማስታወቂያ ገባበት፤ ከዚያ ጋዜጠኛው «አስደሳች ሙዚቃ ነበር፣ አብራችሁን ቆዩ» ብሎ ወደ እንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ዞረ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተቋጨም።

አሁን ወደ ጨዋታዬ ልግባ። አዛውንቱና ባለ ጆንያው አይተዋወቁም። ያንን ዘፈን ደግሞ ማንም አልመረጠውም፤ ለሁሉም በአንድ ደቂቃ ደረሳቸው፤ ስለደረሳቸውም ተናገሩ። ፍላሽ ይህን አያደርግም። ፍላሽ የባለቤቱን ዘፈን ለባለቤቱ ይደግማል፤ ጎረቤቱም በሆዱ «ዛሬም እሷኑ» ይላል። ሬዲዮ ግን ከየት እንደመጣ ያላወቃችሁትን እንግዳ አምጥቶ መሃላችሁ ያስቀምጣል። እንግዳ ከመጣ ደግሞ አስተናጋጁ ስሙን መናገር አለበት። የእኛ ሬዲዮኖች ዘፈን ከሩቅ ያመጣሉ፤ ስም መናገሩን ይረሱታል። የዛሬ ነገሬ ይኸው ነው።

ለነገሩ የሱዳን ዘፈን ሾላ ላይ እንግዳ ነው ማለት ይከብዳል። የእኛ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የሚሄዱ ናቸው፤ የሱዳኑም ዘፈን ባመዛኙ እንዲሁ ነው። ቋንቋው ተለየ እንጂ ጆሮአችን መንገዱን ያውቀዋል። መንገዱን የጠረገው ደግሞ በአብዛኛው ሬዲዮ ነው። የኦምዱርማን ሬዲዮ እ.ኤ.አ. በ1940 ሥራ ጀመረ። መካከለኛ ሞገድ ሲመሽ ከሰማይ እየነጠረ ሩቅ ስለሚሄድ፣ ጎንደርና ጎጃም ያሉ ቤቶች ከአዲስ አበባ ይልቅ ኦምዱርማን ጥርት ብሎ የሚገባላቸው ምሽት ነበራቸው። ለሰሊጥ ሥራ ሑመራና መተማ የወረደውም ሰው የዘፈን ካሴት ይዞ ይመለስ ነበር። ሰይድ ከሊፋን ከአማርኛ ዘፋኝ ለይተው የማይቆጥሩ አባቶች አሁንም አሉ። መሐመድ ዋርዲ እ.ኤ.አ. በ1994 አዲስ አበባ ላይ ያቀረበው ኮንሰርት ተቀርጾ በአልበም ወጥቷል፤ ዓረብኛ የማያውቅ ሰው ሳይቀር በሥርዓት ያጨበጭባል። ዋርዲ በ2004 ዓ.ም. ሲያርፍ እዚህም አገር ያዘኑለት ብዙ ነበሩ። ቴሌቪዥን ስለ ጎረቤት አገር ሲያወራ ድንበር ያሳየናል፤ ዘፈን ግን ያንን ሁሉ ዓመት ድንበሩን ሳያስፈቅድ ሲያልፍ ኖሯል።

የሩቁን ዓለም ድምፅ ደግሞ ማን አመጣው ካላችሁ ታሪኩ ረጅም ነው፤ ቡናው እስኪፈላ በሩጫ ልንገራችሁ። ከሬዲዮም በፊት፣ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባዎቹ የአርመን ልጆች ነሐስ እየነፉ አዲስ አበባ ገቡ። መስከረም 2 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ጣሊያን ሊወረን ደጅ ላይ ቆሞ ሳለ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከአቃቂው ጣቢያ ድምፃቸውን ለአሜሪካ ሕዝብ አሰሙ። የእኛ ሬዲዮ ገና ከልጅነቱ ከዓለም ጋር መነጋገር የጀመረ ነው ማለት ነው። በ1955 ዓ.ም. ብስራተ ወንጌል ሥራ ጀመረ። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በብዙ ቋንቋ አፍሪካንና እስያን ያዳርስ የነበረው ይህ የሉተራውያን ጣቢያ በ1969 ዓ.ም. ተወርሶ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ሆነ። አስመራ ላይ ደግሞ የቃኘው ሰፈር የአሜሪካ ወታደሮች ለራሳቸው ብለው የከፈቱት ሬዲዮ ነበር። ለራሳቸው ብለው ይክፈቱት እንጂ፣ ሞገድ አጥር አያውቅምና የሶሉንና የሪትም ኤንድ ብሉዙን ዘፈን የአስመራ ጎረምሳ ሁሉ አብሮ ሰማው። ዓለማየሁ እሸቴ ኤልቪስን እያስመሰለ ሲዘፍን ያደገው በዚያ ዘመን አየር ነው። አምሃ እሸቴም በ1960ዎቹ መጀመሪያ የመንግሥትን ሞኖፖል ተጋፍቶ የራሱን ሸክላ ማሳተም ሲጀምር የመጀመሪያው ዘፋኙ ይኸው ዓለማየሁ ነበር።

ስለ ካንትሪ ሳልናገር ካለፍኩ ደግሞ የምትጣሉኝ አላችሁ። ጂም ሪቭስ የቴክሳስ ሰው ነው፤ በ1956 ዓ.ም. በአውሮፕላን አደጋ ሞቷል። እኛ አገር ግን እሑድ ጠዋት አሁንም በሕይወት አለ። ኬኒ ሮጀርስና ዶሊ ፓርተንም በዚያው ሰዓት አይጠፉም። ቴክሳስን በካርታ ላይ አሳዩኝ ብትሏቸው ሜክሲኮ አደባባይ የሚጠቁሙ ሰዎች የጂም ሪቭስን ዘፈን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይወጡታል። ለምን እንደሆነ ሊቃውንቱ ይከራከሩ፤ የእኔ ግምት ቀላል ነው። ዝግ ብሎ፣ ቃሉ እየተሰማ፣ ስለ ጥላው ስለሄደች ሴት የሚያወራ ዘፈን ለኢትዮጵያዊ ባዕድ ሊሆን አይችልም።

እስከ አሁን ያወራሁት ዘፈን ከላይ ወደ ታች ስለመጣበት ጊዜ ነው፦ ቤተ መንግሥት አመጣ፣ ሚስዮን አመጣ፣ የጦር ሰፈር አመጣ። የዛሬይቱ ምሥራቅ አዲስ አበባ ነገር ሌላ ነው። ዓለሙ ሰዎቹ ውስጥ አለ።

ሾላ ላይ ጀበና ቡና የምትሸጥ አንዲት እህት አለች። ፈንዲሻዋ አይሻግትም፣ ስኒዋ ይታጠባል፤ ለዚህ ብቻ እንኳ መመስገን ይገባታል። አንድ ቀን ከሰሉን እያራገበች የምታንጎራጉረው ዜማ ግራ ቢገባኝ ጠየቅኳት። «ፌሩዝ ናት» አለችኝ። ቤይሩት በሰው ቤት ስትሠራ ኖራለች። «እዚያ አገር ጋሼ፣ ጠዋት የከፈትከው ሬዲዮ ሁሉ ፌሩዝ ነው። ለእመቤቲቱ ቁርስ ሳይቀርብላት ፌሩዝ ትቀርብላታለች።» እውነቷን ነው፤ ሊባኖስ ውስጥ ጠዋትን በፌሩዝ መክፈት የታወቀ የሬዲዮ ልማድ ነው። የትኛው ዘፈን ስለ ስደት እንደሆነ፣ የትኛው ስለ መንደር፣ የትኛው በጦርነቱ ጊዜ ሰውን እንዳስለቀሰ እየለየች ነገረችኝ። እኔ ስለ ፌሩዝ ያነበብኩትን ልነግራት ከጅዬ ነበር፤ አፌን ዘግቼ ቡናዬን ጠጣሁ።

እሷን የመሰሉ ስንት አሉ? ከጅዳ የተመለሰው፣ ከካርቱም የመጣው፣ ዱባይ ታክሲ ሲነዳ የሕንዱንም የፓኪስታኑንም ዘፈን ሲሰማ የኖረው። ከሾላ ወጣ ብትሉ ደግሞ ቦሌ ሚካኤል የሶማሊኛውን ዘፈን ሙሉ ሰፈር ያሰማችኋል፤ ሃያ ሁለት አካባቢ የአስመራው ክራር ከካፌው በር ይወጣል። ሁሉም በአንድ ትራንስፖርት የሚደረስ ነው። የዓለም ሙዚቃ አዋቂ ፍለጋ ውጭ አገር መሄድ አያስፈልግም፤ ከሰል ስታራግብ ታገኟታላችሁ። ማይክ የሰጣት ሰው ግን የለም።

ስለ ኤፍ ኤሞቻችን ፍርደ ገምድል መሆን አልፈልግም። በ1992 ዓ.ም. ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 ሲጀምር ከተማዋ እንዴት እንደተነቃቃች፣ በ2000 ዓ.ም. ሸገር 102.1 ሲመጣ የጨዋታው ወግ እንዴት እንደተለወጠ ትዝ የሚለው ያውቃል። የሸገሯ መዓዛ ብሩ እንግዳዋን አስቀምጣ በትዕግሥት የምታወጣው ታሪክ ራሱን የቻለ መዝገብ ነው። ለሰው ታሪክ ይህን ያህል ትዕግሥት ያላት ከተማ ለዘፈን ሲሆን ግን ትቸኩላለች። የውጭ ዘፈን ብዙ ጊዜ የሚገባው ጋዜጠኛው ውኃ ሊጠጣ ሲፈልግ ነው። ስም የለ፣ አገር የለ፣ መሃሉ ላይ ይቆረጣል። አንዳንዴ ከነጭራሹ ከሥር ሆኖ ማስታወቂያ ይነበብበታል። በስልክ የሚገባው አድማጭም ሰላምታውን ለዘመድ አዝማድ ሲያዳርስ ደቂቃው ያልቅና «ሙዚቃ ምረጥልን» ሲባል «ደስ ያላችሁን» ይላል።

ነገሩ በሌላ መልክ ሊሠራ እንደሚችል ያሳየ ሰው ነበረ። ሊዮ ሳርኪሲያን የሚባል አርመናዊ አሜሪካዊ በአሜሪካ ድምፅ ሬዲዮ ላይ በ1957 ዓ.ም. አንድ የአፍሪካ ሙዚቃ ዝግጅት ጀመረ። መቅረጫውን ተሸክሞ ብዙ የአፍሪካ አገሮችን ዞሯል። ዘፈኑን ካሰማ በኋላ ማን እንደዘፈነው፣ የት እንደተቀረጸ፣ መሣሪያው ምን እንደሆነ ይናገራል። አድማጭ ደብዳቤ ሲጽፍለት መልስ ይልካል። እ.ኤ.አ. በ2018 ሲሞት ዝግጅቱ ሃምሳ ዓመት አልፎታል። ሰውየው ያደረገው ረቂቅ ነገር የለም። ለዘፈኑ ባለቤት ክብር ሰጠ፤ ለአድማጩም እንደዚሁ።

የማኅበረሰብ ሬዲዮ የሚባለው ነገር የሚገባን እዚህ ላይ ነው። ሕጉ አለን። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 533 የማኅበረሰብ ሬዲዮን ለትርፍ ያልቆመ፣ በአንድ አካባቢ የሚኖር ወይም የጋራ ፍላጎት ያለው ማኅበረሰብ የሚያቋቁመው ጣቢያ አድርጎ አውቆታል፤ በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ 1238ም አልተወውም። ከዚያ ወዲህ ጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ ሐረማያ፣ ከምባታ፣ ዋግ ኽምራ እያለ ጣቢያው በየቦታው በቅሏል። አዲስ አበባም ዩኒቨርሲቲው በ99.4 የሚያሰራጨው አላት። ሾላ ግን የላትም፤ የካም ቦሌም በሰፈር ደረጃ የላቸውም።

ያሉት ጣቢያዎች ስለ እርሻ፣ ስለ ጤና፣ ስለ ሰፈር ጉዳይ መናገራቸው ትክክል ነው፤ ለዚያ ነው የተቋቋሙት። እኔ የምለው የሩቅ አገር ዘፈንም የሰፈር ጉዳይ ነው። ቡና የምታፈላዋ እህት ግማሽ ሰዓት ቢሰጣትና ፌሩዝን ብታሰማን፣ ከዚያ ስለ ቤይሩት ኩሽና ብታወራን፣ ልጇን ወደ ዓረብ አገር ልትልክ የተዘጋጀችው የጎረቤት እናት ከየትኛውም የግንዛቤ ማስጨበጫ ስብሰባ የበለጠ ነገር ታገኛለች። የቦሌ ሚካኤሉ ሶማሌ በሚቀጥለው ሳምንት ተራ ቢደርሰው፣ ቅቤ ነጋዴዋ ስለ እሱ የምታውቀው ከወሬ የዘለለ ይሆናል።

ይህ የእኔ ምኞት ብቻ አይደለም፤ ሌላ አገር ሲሠራ አይተነዋል። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1975 በሲድኒና በሜልቦርን ሁለት ትንንሽ የስደተኛ ሬዲዮ ጣቢያዎችን ከፈተች። ዓላማው ስለ አዲሱ የጤና መድን ሥርዓት ለመጤው በየቋንቋው ለመንገር ብቻ ነበር። ለአጭር ጊዜ የተባለው ነገር ሳይዘጋ ቀርቶ ኤስ ቢ ኤስ የሚባለው ድርጅት ሆነ፤ ዛሬ አማርኛም ይናገራል። ሜልቦርን ውስጥ ደግሞ በፈቃደኞች የሚንቀሳቀስ፣ ከስልሳ በላይ ቋንቋ በየተራ አየር ላይ የሚውልበት 3ZZZ የሚባል የማኅበረሰብ ጣቢያ አለ። እንዲህ ያለ ጣቢያ ደስ የሚለኝ በተራው ነው። የራሱን ሰዓት ለመስማት ጥቂት ቀደም ብሎ የከፈተ ሰው ከእሱ በፊት ተረኛ የሆነውን ማኅበረሰብ የመጨረሻ ዘፈን ሳይሰማ አይቀርም፤ ትንሽ የዘገየ ደግሞ የሚቀጥለውን። ማንም ተሰብስቦ «እንተዋወቅ» አላለም።

የእኛም ዘፈን እኮ እንዲሁ ነው ዓለምን የዞረው። እ.ኤ.አ. በ1987 የለንደን አሳታሚዎች አንድ መጠጥ ቤት ውስጥ ተሰብስበው ከአውሮፓና ከአሜሪካ ውጭ ላለው ዘፈን የሸክላ ቤት መደርደሪያ ስም ሲያወጡለት፣ ማሕሙድ አሕመድ ቀድሞ ቤልጂየም ላይ ታትሞ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ የቢቢሲን የዓለም ሙዚቃ ሽልማት ወሰደ። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የኃይሉ መርጊያ ነገር ነው። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ሆኖ በአኮርዲዮንና በኪቦርድ ብቻውን አንድ ካሴት ሠራ፤ ከዚያ ዋሽንግተን ላይ ታክሲ እየነዳ ኖረ። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ተራ ሲጠብቅ ኪቦርዱን ከመኪናው አውጥቶ ይለማመድ ነበር ይባላል። ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል የካሴት ሰብሳቢ ያንን ካሴት ያገኘው የት ይመስላችኋል? ባሕር ዳር፣ ካሴት ቤት። እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና አሳተመው፤ ኃይሉም ከታክሲ መንዳት ወደ ዓለም መድረክ ተመለሰ። ባሕር ዳር ያለው ካሴት ሻጭ ያንን ዕቃ ሳይጥል ስላስቀመጠ፣ ሽፋኑ ላይም ስም ስለተጻፈበት ነው ይህ ሁሉ የሆነው። ስሙ ባይኖርበት ኖሮ ሰውየውን ማን ያገኘው ነበር?

ጣቢያ ማቋቋም በባዶ እጅ አይሆንም። ማሠራጫ ይፈልጋል፣ መብራት ይፈልጋል፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ይፈልጋል፤ ፈቃደኛው ወጣት ሥራ ሲያገኝ ይሄዳል። ብዙ የማኅበረሰብ ጣቢያዎች ያቋቋማቸው ረጂ ሲወጣ መንገዳገዳቸውን አውቃለሁ። ስለዚህ ሾላ ነገ ጠዋት ጣቢያ ይከፈትላት አልልም። ይህን ለመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣኑና ለወረዳው ሰዎች እተወዋለሁ፤ ሐሳቡ ካማራቸው ፈቃዱ ከእነሱ ዘንድ ነው።

እናንተን የምለምነው ግን ዛሬውኑ የሚሆን ነገር ነው። ጋዜጠኛ የሆናችሁ፣ የውጭ ዘፈን ስታሰሙ የዘፋኙን ስምና አገሩን ተናገሩ፤ አሥር ሰከንድ አይፈጅም። ቅቤ ተራ የሚጠብቃችሁ ሰው አለ። አድማጭ የሆናችሁ ደግሞ፣ ስልኩ ሲገባላችሁ ሰላምታውን ለአክስትና ለአጎት አሳጥሩትና ጠይቁ፦ «ቅድም የተሰማው ማን ነው? የየት አገር ሰው ነው?» ካልነገሯችሁ በማግሥቱም ደውሉ።